ስለ ቢል ሞንሮና ስለ አራቱ ባልንጀሮቹ ዜማ

ሰው ከዛፍ ፍሬ በልቶ ሲጠግብ ፍሬውን ያመሰግናል፤ ቅርንጫፉን የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ሥሩን ለማየት የሚደክም ግን ከሺህ አንድ አይገኝም። የዜማም ነገር እንዲሁ ነው። የሚሰማው ሕዝብ ከፊት የቆመውን ሰው ስሙን ይይዛል፤ ከጎኑ የቆሙትን ይረሳል፤ እነዚያን ሁሉ ያስተማሩትን ደግሞ ጨርሶ አያውቃቸውም። በቅኔ ቤት ግን ልማዱ ሌላ ነው፤ ተማሪው መልካም ቅኔ ቢቀኝ፥ ከምስጋናው ጋራ መምህርህ ማነው ተብሎ ይጠየቃል። እኛም ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን፥ በአሜሪካ አገር የተነሣውንና ብሉግራስ የተባለውን ዜማ፥ ይህንም ዜማ በመጀመሪያ አሟልተው የተጫወቱትን አምስት ሰዎች እንመረምራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍናቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ብሉግራስ ማለት ቃሉ ሲተረጐም ሰማያዊ ሣር ማለት ነው። የኬንታኪ አገር በዚህ ስም በሚጠራ ሣር የታወቀ ስለ ሆነ፥ በዚያ የተወለደው ቢል ሞንሮ የሙዚቃ ማኅበሩን የብሉግራስ ልጆች ብሎ ሰየመው፤ ኋላም የማኅበሩ ስም የዜማው ስም ሆነ። የዚህ ዜማ መሣሪያዎች አምስት ናቸው፤ እነርሱም ማንዶሊን፥ ጊታር፥ ባንጆ፥ ቫዮሊንና ቆመው የሚመቱት ትልቁ ባስ ናቸው። በሁሉም ላይ የኤሌትሪክ ኃይል አይጨመርም፤ ድምፃቸው የእንጨቱ፥ የቆዳውና የክሩ ድምፅ ነው። የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች በአንድ የድምፅ ማጉያ ፊት ተሰብስበው፥ ተራው የደረሰው ወደ ፊት እየቀረበ፥ የጨረሰውም ለባልንጀራው ስፍራ እየለቀቀ ይጫወቱ ነበር።

ቢል ሞንሮን ሕዝቡ የብሉግራስ አባት ይለዋል። ይህ ስም ይገባዋልን? አባት ማለት ሁሉን ብቻውን ያስገኘ ማለት ከሆነ አይገባውም፤ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ በአንድ ጣራ ያኖረ ማለት ከሆነ ግን ይገባዋል። ይህን ፍርድ የሚያጸናልን የእያንዳንዱ ሰው አስተዳደግና ያስቀረጹት ሸክላ ስለ ሆነ፥ በየተራው እንየው።

ቢል ሞንሮ በሴፕቴምበር 13 ቀን 1911 ሮዚን በምትባል የኬንታኪ መንደር አጠገብ ተወለደ። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበረ፤ ዓይኑም ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበረ። እናቱ ቫዮሊን ትመታ፥ የጥንት ዘፈንም ትዘፍን ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ዐሥር ዓመት እንደ ሆነው ሞተች። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ደግሞ አባቱ ሞተ። ታላላቅ ወንድሞቹ በርችና ቻርሊ ቫዮሊኑንና ጊታሩን አስቀድመው ስለ ያዙ፥ ለታናሹ የቀረለት ማንዶሊን ነበር፤ እርሱም ቢሆን ድምፁ እንዳይበዛ ከስምንቱ ክሮች አራቱን ብቻ እንዲያስቀር አድርገውት ነበር ይባላል። ኋላ ማንዶሊንን ከአጃቢነት አውጥቶ እንደ ጦር መሪ በፊት ያሰለፈው ይኸው በአራት ክር ተወስኖ የነበረው ልጅ ነው።

ለዚህ ልጅ ሦስት መምህራን ነበሩት። አንደኛው የእናቱ ወንድም ፔንድልተን ቫንዲቨር ነው። ይህ አጎቱ በአደጋ ተጐድቶ በምርኵዝ የሚሄድ ሰው ሲሆን፥ በየመንደሩ በጭፈራ ሌሊት ቫዮሊን ይመታ ነበር። የሙት ልጁን በቤቱ ተቀበለው፤ ልጁም እየተከተለ ሲያጅበው ብዙ የቆየ ዜማ ከእርሱ ቀሰመ፤ ከዜማውም ይልቅ የሚበልጠውን ነገር፥ ጊዜን መጠበቅን ተማረ። ሁለተኛው አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እርሱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሲሆን በጊታርም በቫዮሊንም እጁ የተመሰከረለት ነበር። ቢል ገና ወጣት ሳለ በጭፈራ ቤት ከእርሱ ጋራ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቷል፤ ብሉዝ የተባለውንም የጥቁሮቹን የኀዘን ዜማ ከእርሱ እንደ ሰማ እስከ ዕድሜው ማታ ድረስ ይመሰክር ነበር። ሹልትዝ በ1931 ሞተ፤ አንድም ሸክላ አላስቀረጸም። ስለዚህ የእርሱን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚያገኘው በደቀ መዛሙርቱ ጣት ውስጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛዋ መምህርቱ ቤተ ክርስቲያን ናት። በዚያ አገር መዝሙርን ለገበሬ ልጆች የሚያስተምሩ ተዘዋዋሪ መምህራን ነበሩ፤ እነርሱም የእያንዳንዱን ድምፅ ስፍራ በሦስት ማዕዘን፥ በአራት ማዕዘን፥ በክብና በሌላም ቅርጽ በሚያስታውቅ ጽሕፈት ያስተምሩ ነበር። ቢል ግን ዓይኑ ስለ ደከመ መጽሐፉን እንደ ባልንጀሮቹ ለማንበብ ተቸገረ፤ ስለዚህ አራቱ ድምፆች እንዴት እንደሚስማሙ በጆሮው ያዘ። በዓይን ያልገባ በጆሮ ሲገባ ሥር ይሰዳል፤ የዚህ ሰው የዜማ ማስማማት ዕውቀት ሁሉ የተተከለው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ኢንዲያና ሄዶ በዘይት ማጣሪያ ፋብሪካ የጉልበት ሥራ ሠራ፤ ከወንድሙ ከቻርሊም ጋራ እየዘፈነ በራዲዮ ታወቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች በ1936 ያስቀረጹት፥ ሰው ስለ ነፍሱ ለውጥ ምን እንደሚሰጥ የሚጠይቀው መዝሙር በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል እጅግ ተወደደ። በ1938 ተለያዩ፤ ቢልም የራሱን ማኅበር አቁሞ በኦክቶበር 1939 በናሽቪል ከተማ በየቅዳሜው ማታ በራዲዮ ወደሚሰማው ግራንድ ኦል ኦፕሪ ወደሚባለው ጉባኤ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰውዬው ይህን ሁሉ ትምህርት በልቡ ካከማቸ፥ ዜማው በ1939 ስለ ምን አልተፈጸመም? ማስረጃው በእጃችን ነው። በፌብሩዋሪ 1945 ያስቀረጻቸውን ሸክላዎች፥ ለምሳሌ የኬንታኪ ዋልስ የተባለውን፥ የሰማ ሰው የመሪውን ድምፅ ያውቀዋል፤ ቀጥኖ ወደ ላይ የሚወጣው የኀዘን ድምፁ በዚያም አለ። ነገር ግን አኮርዲዮን በመካከል ገብቶ ይሰማል፤ ባንጆው ወደ ፊት አልወጣም፤ የሁሉም አካሄድ ለስለስ ያለ ነው። መልካም ዘፈን ነው፤ አዲስ ዜማ ግን ገና አልሆነም። ከዚያ በኋላ በ1946 እና በ1947 በቺካጎ ለኮሎምቢያ ኩባንያ ያስቀረጻቸውን 28 ዘፈኖች የሰማ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። መሪው ያው ነው፤ የተለወጠው በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ እነርሱን ደግሞ እንመርምር።

ሌስተር ፍላት በ1914 በቴኔሲ ተወለደ። አባቱ ባንጆ ይመታ ነበር። እርሱ ራሱ ገና በወጣትነቱ በጨርቅ ፋብሪካ እየሠራ ማታ ማታ ይዘፍን ነበር። በ1943 በቻርሊ ሞንሮ ማኅበር ገብቶ፥ በማንዶሊን እያጀበ ከፍተኛውን ድምፅ ይዘፍን ነበር፤ በ1945 ወደ ቢል ሲመጣ ግን ጊታሩን ያዘ፥ የዘፈኑንም ዋና ድምፅ ተቀበለ። የፍላት ድምፅ ዝቅ ያለ፥ ለስላሳና የማይቸኩል ነው፤ ጎረቤቱን ደጅ ላይ ቆሞ እንደሚያነጋግር ሰው ይዘፍናል። ቢል ደግሞ በላዩ ወጥቶ ከፍተኛውን ድምፅ ሲይዝ፥ አንዱ ምድሩን ሌላው ሰማዩን የያዘ ይመስላል። ፍላት በየስንኙ መጨረሻ በጊታሩ ወፍራም ክሮች ላይ የሚያወርዳት አጭር መዝጊያ አለችው፤ ይህችን መዝጊያ ዛሬ የብሉግራስ ጊታር የሚማር ሁሉ ከመጀመሪያ ትምህርቱ ጋራ ይማራታል።

አርል ስክራግስ በጃኑዋሪ 6 ቀን 1924 በሰሜን ካሮላይና ፍሊንት ሂል በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ሲሆን ባንጆ ይመታ ነበር፤ ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው ሞተ። ስለ አስተዳደጉ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይነገራል። እርሱና ወንድሙ ሆራስ አንድ ዜማ አብረው ጀምረው፥ ጀርባ ለጀርባ ተለያይተው ቤቱን በግራና በቀኝ ይዞሩ ነበር፤ ሳያቋርጡ እየመቱ በስተኋላ ሲገናኙ ጊዜያቸው መስማማቱን ይመረምሩ ነበር። የኋለኛው የስክራግስ ጨዋታ ምን ያህል ቢፈጥን ከጊዜው የማይወጣበት ምክንያት በዚህ ይታወቃል። በዓለም ጦርነት ጊዜ በክር ፋብሪካ ሠራ፤ በዲሴምበር 1945 ወደ ሞንሮ ማኅበር ሲገባ ገና ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

በዚያን ጊዜ ባንጆ በብዙ ስፍራ የቀልደኛ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ስክራግስ በአውራ ጣቱ፥ በጠቋሚውና በመካከለኛው ጣቱ ክሮቹን በየተራ እየነካ፥ ድምፁን ከድንጋይ ላይ እንደሚወርድ ጅረት አደረገው። ይህንም ስልት ብቻውን አላወጣውም፤ በተወለደበት አውራጃ እንደ ስሚዝ ሃሜትና እንደ ስናፊ ጄንኪንስ ያሉ ሰዎች ከእርሱ በፊት በሦስት ጣት ይመቱ ነበር። የእርሱ ፋንታ ያንን የመንደር ልማድ አጥርቶ፥ ዜማውን ሳያጠፋ ፍጥነቱን መጨመር ነው። ደግሞ መሣሪያው ራሱ ታሪክ አለው። ባንጆ በባርነት ተይዘው ወደ አሜሪካ የተወሰዱት አፍሪቃውያን ቆዳ በወጠሩበት ቅል ላይ ክር ዘርግተው ይጫወቱበት ከነበረው መሣሪያ የመጣ ነው። እንግዲህ የተራራ ነጮች ዜማ የተባለው ይህ ዜማ፥ በመሪው በኩል ከአርኖልድ ሹልትዝ፥ በባንጆውም በኩል ከእነዚያ ስማቸው ካልተጻፈ ሰዎች ዕዳ አለበት። ይህን ሳይናገር ብሉግራስን የሚያመሰግን ሰው ምስጋናው ጎደሎ ነው።

ቫዮሊን መቺው ቸቢ ዋይዝ በ1915 በፍሎሪዳ ሌክ ሲቲ ተወለደ። በጃክሰንቪል ከተማ የታክሲ ነጂ ነበር፤ ሌሊትም በመጠጥ ቤቶች ይጫወት ነበር። የእርሱ ቫዮሊን እንደ ሞንሮ አጎት ቫዮሊን የመንደር ጭፈራ ብቻ አይደለም፤ ከቴክሳስ በኩል የመጣውን የከተማ ጭፈራ ዜማና የብሉዝን መንሸራተት ቀላቅሏል። ክሩን ሲስበው ድምፁ ይረዝማል፥ ያዝናል፤ የባንጆው ድምፅ እንደ ጠል ጠብታ የተለያየ ስለ ሆነ፥ እነዚህን ጠብታዎች የሚያያይዝ ክር የእርሱ ቫዮሊን ነው።

አምስተኛው ሃዋርድ ዋትስ ነው፤ እርሱም በ1913 በፍሎሪዳ ሞንቲሴሎ ተወለደ። በ1944 ወደ ማኅበሩ ገብቶ ባስ ይመታ ነበር፤ በመድረክም ላይ ሴድሪክ ሬይንዎተር በሚባል ስም ቀልድ እያወራ ሕዝቡን ያስቅ ነበር። ሕዝቡ በቀልዱ ሲስቅ ሥራውን አላስተዋለለትም። ባሱን ግን ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው፥ ድምፁ በአንድ ስፍራ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆሞ እንደማይቀር፥ በጃዝ ልማድ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚራመድ ያውቃል። የቤት መሠረት ባይታይም ቤቱ የሚቆመው በእርሱ ነው።

እነዚህን አምስት ሰዎች አንድ ላይ ስናያቸው ነገሩ ይገለጣል። አንዱ ከኬንታኪ እርሻ፥ አንዱ ከቴኔሲ ጨርቅ ፋብሪካ፥ አንዱ ከካሮላይና ክር ፋብሪካ፥ ሁለቱ ከፍሎሪዳ ናቸው። መዝሙሩ ከቤተ ክርስቲያን፥ ቫዮሊኑ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ከመጡት ሰዎች፥ ባንጆውና ብሉዙ ከአፍሪቃ ልጆች፥ ማንዶሊኑ ከኢጣልያ የመጡ ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ እያንዳንዱ ለብቻው ቀጭን የነበረው ሲተባበር ጠነከረ። በ1947 የተቀረጸውን ብሉግራስ ብሬክዳውን የተባለውን ቃል የሌለውን ዜማ የሰማ ይህን ይረዳል፤ ማንዶሊኑ ይጀምራል፥ ባንጆው ይቀበላል፥ ቫዮሊኑ ይመልሳል፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ዝቅ ብለው ይደግፉታል። ሁሉም ኃይለኛ ሲሆን ማንም ማንንም አይረግጥም።

ከ28ቱ ዘፈኖች መካከል መዝሙሮች አሉ። በነዚህ ባንጆው ዝም ይላል፤ ማንዶሊኑና ጊታሩ በዝግታ እየተከተሉ አራት ሰዎች ይዘምራሉ። በእኛ አስተያየት የማኅበሩ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እጀ ፈጣን ሰው ፈጣን እጁን ለማሳየት ስፍራ ባገኘ ጊዜ ዝም ማለት እጅግ ይከብደዋል። ስክራግስ ባንጆውን ትቶ ከአራቱ እንደ አንዱ ሆኖ ሲዘምር፥ ዋትስም ቀልዱን ትቶ ዝቅተኛውን ድምፅ ሲይዝ፥ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸው ከመድረክ ትምህርታቸው በታች እንደ ተቀመጠ ድንጋይ ይታወቃል።

ነገር ግን ምስጋና ብቻ የሚጽፍ ሐያሲ አይባልምና ጉድለቱንም እንናገር። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ፍጥነቱ ቃሉን ይቀድመዋል፤ ሰሚው ኀዘኑን ሳይቀምሰው ዘፈኑ ያልፋል። የዘፈኖቹም ነገር ጠባብ ነው፤ የተተወ ቤት፥ የከዳች ወዳጅ፥ የሞተች እናት፥ የራቀ አገር ደጋግሞ ይመጣል። ይህን ግን ስንነቅፍ፥ መሪው በዐሥር ዓመቱ እናቱን፥ ባንጆ መቺው በአራት ዓመቱ አባቱን ያጡ መሆናቸውን እንዳንረሳ ይገባል። የደረሰበትን የሚዘፍን ሰው ነገሩ ቢጠብም እውነቱ አይጠብም። ከነርሱ በኋላ የመጡ፥ ኀዘኑ ሳይኖራቸው ቃሉን ብቻ የቀዱ ተጫዋቾች ግን ይህን ምክንያት ሊያቀርቡ አይችሉም።

በ1948 መጀመሪያ ፍላትና ስክራግስ ማኅበሩን ለቀው የራሳቸውን አቆሙ፤ ዋትስም ተከተላቸው። ሞንሮ እጅግ ተቀየመ፤ ከሃያ ዓመት በላይም ከእነርሱ ጋራ ሳይነጋገር ኖረ። ስክራግስ በ1949 ያስቀረጸውን ፎጊ ማውንቴን ብሬክዳውን ከሞንሮ ብሉግራስ ብሬክዳውን ጋራ አጠገብ ለአጠገብ የሰማ ሰው ዝምድናቸውን አይስተውም፤ የፊተኛው በሞንሮ ስም፥ የኋለኛው በስክራግስ ስም ተመዝግቧል። ታዲያ ዜማው የማን ነው? ጠቡ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል፤ ሞንሮ ሌሎች ሰዎች የእርሱን ዜማ እንደ ወሰዱበት አድርጎ ያይ ነበርና።

በእኛ አሳብ እንዲህ ያለው ጠብ የሚመጣው ሰው የተቀበለውን ከራሱ እንዳፈለቀው አድርጎ ሲቈጥር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ስለ መመካት ሲገሥጻቸው ያሳሰባቸው ይህንኑ ነበር። ሞንሮ ከአጎቱ፥ ከሹልትዝና ከመዝሙር መምህራን ተቀበለ፤ ስክራግስ ከአገሩ ባንጆ መቺዎች ተቀበለ፤ ተቀባይም ሁሉ መልሶ ይሰጣል። ጠቡም ዜማውን አልገደለውም፤ ሞንሮ ሌሎች ወጣቶች ሰብስቦ ቀጠለ፥ ፍላትና ስክራግስም በየከተማው ተሰሙ፤ በተለያዩት በኩል ዜማው ወደ ሁለት ወንዝ ተከፍሎ ብዙ ምድር አጠጣ።

ስለ ሞንሮ ግን ሚዛኑን የሚያስተካክል ነገር አለ። በ1950 ስለ አጎቱ ስለ ፔንድልተን ዘፈን አውጥቶ አስቀረጸ፤ በመንደር ብቻ የታወቀውን ምርኵዘኛ ቫዮሊን መቺ ስሙን በዓለም ሁሉ አሰማው። ስለ ሹልትዝም በአፉ መሰከረ። በ1971 ደግሞ በኢንዲያና በቢን ብሎሰም በተደረገው የሙዚቃ በዓል ከፍላት ጋራ ተጨባበጠ፤ በአንድነትም ዘፈኑ። ከእነዚህ ከሦስቱ ሥራዎች የመጀመሪያው የአጎቱን ዕዳ፥ ሁለተኛው የመምህሩን ዕዳ፥ ሦስተኛው የባልንጀራውን ዕዳ ከፈለለት። አባት የሚለው ስም ለእርሱ የሚገባው በሸክላው ብቻ ሳይሆን በነዚህ ደግሞ ነው ብንል አንሳሳትም።

ከአምስቱ ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። ዋትስ በ1970፥ ፍላት በ1979፥ ዋይዝና ሞንሮ በ1996፥ ስክራግስ በ2012 ዐረፉ። ሸክላቸው ግን ይሰማል፤ በእርሱ ውስጥ የሚሰማውም የአምስት ሰው ድምፅ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ይህን ዜማም ሆነ ሌላውን የጥበብ ሥራ የሚሰማ አስተዋይ ሰው፥ ማን ዘፈነው ብሎ ከጠየቀ በኋላ ከማን ተማረው ብሎ ይጨምር። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የማይጠይቅ ሕዝብ መምህራኑን ይቀብራል፤ መምህራኑን የቀበረ ሕዝብ ደግሞ ተማሪ አይተርፈውም።